እኔን ለቀቀኝ

ፌበን ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ አንድ ቦታ አርፎ መቀመጥ አልሆነላትም። ወንበር ላይ ስትቀመጥ እግሯ ይንቀጠቀጣል። ቆማ ስታስተምር ጠመኔውን በጣቷ እየሰባበረች ትጨርሰዋለች። ከሲ.ኤም.ሲ ወደ መገናኛ በሚወስዳት ሚኒባስ ውስጥ መውረጃዋ ሳይደርስ "ወራጅ አለ" ትላለች፤ ታክሲው ከቆመ በኋላ ሐሳቧን ትቀይርና ረዳቱን ታናድደዋለች። እናቷ ወይዘሮ አሳየች ልጃቸው እራት ላይ ጎርሳ ማኘክ ስትረሳ እያዩ፣ ሥራ ቦታ የሆነ ነገር እንደገጠማት ጠርጥረዋል። ቢጠይቋት ግን "ምንም የለም" ነው መልሷ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፌበን ቀበና አካባቢ ባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ማስተማር ከጀመረች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ አለው ይባላል፤ ክፍሉ ሲከፈት የሚታየው ግን እግሩ የተሰበረ ዴስክ ብቻ ነው። እሷ ደግሞ በቃል ብቻ ማስተማር አይሆንላትም። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ኢንዳክተር ስለሚባለው የሽቦ ጥቅልል የምታስተምርበት ጊዜ ሲደርስ ከተቃጠለ የፍሎረሰንት መብራት ባላስቱን ፈታ አመጣች። ባላስት ያው ከመብራቱ ጀርባ የሚደበቀው ከባድ ብረት ነው፤ ውስጡ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ዙር በዙር ተጠምጥሞበታል። ከእሱ ጋር ለእጅ ባትሪ የሚሆኑ ጥቂት ድንጋዮች ከሱቅ ገዛችና ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው።

"ከእነዚህ ድንጋዮች የሚፈራ አለ?" ብላ ስትጠይቅ ክፍሉ ሳቀ። የባትሪ ድንጋይ ማን ይፈራል? ነገሳ የሚባለው ቀልደኛ ቀድሞ ወጣ። ሦስት ጓደኞቹ ተከተሉት። ከዚያ ማንም ያልጠበቃት ጥሩብርሃን ተነሳች። ጥሩብርሃን ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ከእንጦጦ ዳገት በእግሯ ወርዳ የምትመጣ ልጅ ናት፤ ጎበዝ ናት፣ ግን ካልጠሯት አትናገርም። ያን ቀን ጓደኞቿን አልፋ ሄዳ ከዳር ቆመች። አምስቱ እጅ ለእጅ ተያያዙ። ነገሳ በአንደኛው ጫፍ፣ እሷ በሌላኛው ጫፍ ሆነው ከባላስቱ የወጡትን ሁለት የተላጡ ሽቦዎች ያዙ። ጥሩብርሃን የያዘችው በቀኝ እጇ ነበር።

ፌበን ድንጋዮቹን ከባላስቱ ጋር አገናኘች። ምንም አልተሰማቸውም። ነገሳ "ቲቸር፣ ድንጋዩ ሞቷል" አለና ክፍሉን እንደገና አሳቀ። ያኔ ሽቦውን ከድንጋዩ ላይ ነጠል አደረገችው። አምስቱም ባንዴ ዘለሉ።

የምትለውን በዋዜማው ስታዘጋጅ ነው ያመሸችው። ስናገናኘው ድንጋዮቹ በጥቅልሉ ውስጥ ኮረንቲ ይሰዳሉ፣ ኮረንቲው በዙሪያው የመግነጢስ መስክ ያቆማል፣ ጉልበቱም እዚያ መስክ ውስጥ ይቀመጣል ልትላቸው ነበር። ስንቆርጠው መስኩ ይፈርሳል፤ ጥቅልሉ ግን ኮረንቲውን ባንዴ ማቆም አይወድም፣ ያጠራቀመውን ጉልበት ይዞ መውጫ ይፈልጋል፤ ለዚያች ቅጽበት ከድንጋዮቹ መቶ እጥፍ በሚበልጥ ቮልቴጅ ይገፋል፣ የሚያገኘው መንገድ ደግሞ እናንተን ነው ልትል ነበር። ከዚህ ሁሉ አንዱንም አልተናገረችም። ክፍሉ በሳቅ ሲናጥ ጥሩብርሃን መሬት ላይ ተቀምጣ ቀኝ እጇን ትኩር ብላ ታያለች። ፌበን ጎንበስ ብላ እጇን ስታነሳው እንደ እርጥብ ጨርቅ ተዝለፈለፈ። ጣቶቿን እንድታጥፍ ጠየቀቻት። ልጅቷ ብትሞክርም አልታጠፉም።

ክሊኒክ ወሰዷት፤ ምንም አልተገኘባትም። ሆስፒታል የመረመራት ሐኪምም ነርቩ ደህና ነው፣ ጊዜ ስጡት ብሎ መለሳት። እጁ ግን እስክሪብቶ አልያዘም። ጥሩብርሃን ከትምህርት ቤት ቀረች። ወላጆቿ ጠዋት ጠዋት ጸበል እንደሚወስዷት ተሰማ። ብሔራዊ ፈተናው ደግሞ እየቀረበ ነው። ርዕሰ መምህሯ ወይዘሮ ሒሩት ፌበንን ቢሮ ጠርተው ሳይቆጡ ግን ሳይስቁ፣ የሆነውን በጽሑፍ እንድታስረዳና ከእንግዲህ ሽቦ የሚባል ነገር ክፍል ይዛ እንዳትገባ ነገሯት። ቤተሰቡ እስኪረጋጋም ወደ ልጅቷ ቤት ባትሄድ እንደሚሻል መከሯት።

ሌላው የፊዚክስ መምህር ኤልቃና በዕድሜም በሥራም ይበልጣታል። መምህራን ክፍል ውስጥ ወረቀት አውጥቶ አሰላላት። እስክሪብቶውን ከጠረጴዛው ላይ መሬት ጣለና፣ "ያንቺ ባላስት ያጠራቀመው ጉልበት ይቺ ስትወድቅ ከምታወጣው እንኳ አይደርስም። የሰው እጅ ሽባ አያደርግም፣ አትጨነቂ" አላት። ፌበን ራሷም አስልታዋለች። ደጋግማ አስልታዋለች። ልክ ነው። ግን ልክ መሆኑ እጁን አላንቀሳቀሰውም።

ቤት ስትሆን መኝታ ክፍሏን ዘግታ ሽቦዎቹን በራሷ እጅ ትይዛለች። ታገናኛለች፣ ትነጥላለች፤ ክንዷ ይነዝራል። በቀኝ እጇ ትሞክራለች፣ በግራ ትሞክራለች፣ እጇን አርጥባ ትሞክራለች። ምናልባት ያላወቅሁት ነገር አለ፣ ምናልባት እኔ ያልደረሰብኝ እሷ ላይ ደርሷል ትላለች። አንድ ምሽት ወይዘሮ አሳየች በሩን ከፍተው ሲገቡ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ሽቦ ጨብጣ አገኟት። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገረቻቸው። እናቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው እስክትጨርስ ሰሟት፤ አብረዋት ጸለዩ፤ ከጸሎቱ በኋላ ደግሞ፣ "እዚህ ቤት ተዘግተሽ ራስሽን ከምትቀጪ ሄደሽ ልጅቷን እያት። ቢያባርሩሽም ተባረሽ ነይ" አሏት።

ቅዳሜ ጠዋት ሄደች። ከየካ ሚካኤል በታች ከታክሲ ወረደች። አስፋልቱ ሲያልቅ ኮብልስቶን፣ ኮብልስቶኑ ሲያልቅ በባሕር ዛፍ መካከል የሚወጣ ቀይ የእግር መንገድ ነው። አንድ እጇ ላይ ብርቱካን አንጠልጥላለች፤ ትከሻዋ ላይ ያለው ቦርሳ በእያንዳንዱ እርምጃ ዳሌዋን ይመታታል፣ ባላስቱ ውስጡ ነው። ቤት ጥላው መውጣት ስላልቻለች ነው። ሁለት ጊዜ ዞራ ቁልቁል ወረደች፤ ሁለት ጊዜ ተመልሳ ወጣች። ገለባ የተሸከሙ አንዲት ሴት የልጅቷን አባት የጋሽ ሀብተወልድን ቤት፣ ወተት የሚሸጡትን ብላ ስትጠይቃቸው በአገጫቸው ወደ ላይ አመለከቷት።

የጥሩብርሃን እናት ወይዘሮ ብዙነሽ በሩ ላይ ሲያዩዋት ማንነቷን ሳትናገር አወቁ። ፊታቸው ጠቆር አለ። ቢሆንም ደጅ የቆመ እንግዳ አይመለስምና "ይግቡ" አሏት። አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጧት፤ ትኩስ ወተት በብርጭቆ አቀረቡላት። ጥሩብርሃን ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ቀኝ እጇ በነጠላ ተጠቅልሎ ጭኗ ላይ ተኝቷል። ለመነሳት ስትሞክር ፌበን በእጇ መለሰቻት። እግሯ መንቀጥቀጥ ሲጀምር በእጇ ተጭና ያዘችው።

ዓይኗ ማረፊያ ፈልጎ ቤቱን ሲዞር በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ቆጣሪ አየ። አቧራ ለብሷል። የሚገቡትም የሚወጡትም ሽቦዎች ተቆርጠዋል። መስኮቱ ላይ አንዲት ትንሽ የሶላር መብራት ፀሐይ እየሞቀች ነው። ፌበን ዝምታውን ለመስበር ብላ ብቻ፣ "ኮረንቲ ተቋርጦባችሁ ነው?" ብላ ጠየቀች።

ወይዘሮ ብዙነሽ ልጃቸውን አዩ። ልጅቷ ወደ መሬት አየች።

"እኛ ነን ያስቆረጥነው" አሉ እናትየው። ከዚያ እየቆራረጡ ነገሯት። ጥሩብርሃን ታላቅ ወንድም ነበራት፣ ታዴዎስ። ጣሪያ መምታት ተምሮ ገና ገቢ ማግኘቱ ነበር። ካቻምና ወደ ታች ሰፈር አንድ ቤት ላይ ወጥቶ ቆርቆሮ ሲቀበል ቆርቆሮው በላይ የሚያልፈውን የኮረንቲ መስመር ነካ። በቀኝ እጁ ነበር የያዘው። ከታች የነበሩት አዩት፤ እየጮኹ አዩት፤ መድረስ ግን አልቻሉም። "ያዘው፣ አልለቀው አለ" አሉ ወይዘሮ ብዙነሽ። ከቀብሩ በኋላ ባላቸው ሰው ጠርተው የቤቱን ሽቦ አስቆረጡ።

ፌበን ብርጭቆውን የምታስቀምጥበት ቦታ አጣች። ይህች ልጅ ያን ቀን ከመቀመጫዋ ተነስታ ወጥታለች። የተላጠውን ሽቦ ወድዳ በቀኝ እጇ ይዛለች። እኔ ደግሞ ክፍሉን እያሳቅሁ ነበር አለች በልቧ።

"አላወቅሁም ነበር" አለች።

አቶ ሀብተወልድ ከበረት መጥተው በሩ ላይ ቆመው ኖሯል። ረጅም፣ ደረቅ ያሉ ሰው ናቸው። ሰላምታ አልሰጧትም። "ያን ዕቃ ይዘውት መጥተዋል?" ብለው ጠየቋት።

ፌበን ይዤዋለሁ አለች።

"ያሳዩኝ።"

ወይዘሮ ብዙነሽ፣ የሞት ዕቃ ቤቴ ውስጥ ከቦርሳ አይወጣም ብለው ተነሱ። ባላቸው ግን በርጩማ ስበው ፌበን ፊት ተቀምጠው ነበር። ባላስቱንና ድንጋዮቹን አውጥታ መሬት ላይ አስቀመጠች። እንዴት እንደሚሠራ ልታስረዳ ስትጀምር ቃላቱ እየተጋጩ ወጡ፤ አቶ ሀብተወልድም እየሰሟት አልነበረም። ሁለቱን እጆቻቸውን ዘረጉላት፤ ሲያልቡ የኖሩ፣ ጣታቸው ወፋፍራም የሆነ እጆች ናቸው። ፌበን ሽቦውን ከመስጠቷ በፊት ግን ያን ማክሰኞ ያልጠየቀችውን አሁን ጠየቀች፤ ልብዎን የሚያምዎት ነገር አለ ወይ አለቻቸው።

"ልቤን የሚያመኝንማ አሁን ሰማሽው" አሉ። "በሽታ የለብኝም። ስጪኝ።"

አገናኘች። ምንም የለም። ነጠለች። የአቶ ሀብተወልድ ትከሻ ተወረወረ፤ በርጩማው ተንገጫገጨ። ሽቦዎቹን አልጣሉም። ቁልቁል እያዩ ቆዩና ድገሚው አሏት። ደገመችው። ከዚያ እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ።

"ታዴ የቀመሰው ይኼንን ነው?"

ፌበን አዎ ብትል እኚህ ሰው ምናልባት ዛሬ ማታ ይተኛሉ። እንዲህ ነው፣ አንዴ ብልጭ ይላል ያልቃል ብትል ማንም ውሸታም አይላትም። ወይዘሮ ብዙነሽም ምሰሶውን ይዘው አፏን እያዩ ነው። ቃሉ ምላሷ ላይ መጥቶ ነበር።

"አይደለም" አለች። "ይቺ የምትሰጠው ያጠራቀመችውን ብቻ ነው። ስትሰጥ ባዶ ትሆናለች፤ ልያዝ ብትል እንኳ የምትይዝበት የላትም። የመንገዱ የኮረንቲ መስመር ግን አያጠራቅምም፤ ከኋላው ያለማቋረጥ ይመጣለታል። ለዚህ ነው ያልለቀቀው።"

"ምን ያህል ቆየበት?"

"እሱን አላውቅም፣ ጋሼ። ማንም ሊነግርዎ የሚችል አይመስለኝም።"

ጥሩብርሃን የተናገረችው ያኔ ነው። ፌበን ከገባች ጀምሮ ድምፅዋን አልሰማችውም ነበር።

"እሱን ያዘው" አለች። "እኔን ለቀቀኝ።"

እናቷ ምን እያልሽ ነው ብለው ጠጋ አሏት። ልጅቷ ዓይኗን ከመምህሯ ላይ አላነሳችም። "ምን እንደተሰማው ላውቅ ብዬ ነው የወጣሁት። ሲነዝረኝ እኔንም ሊይዘኝ ነው አልኩ። ግን ወዲያው ለቀቀኝ። ለምን ለቀቀኝ?"

እንባ አልነበራትም። ጥያቄ ነው የጠየቀችው፤ በክፍል ውስጥ ጠይቃው የማታውቀውን ዓይነት ጥያቄ። ፌበን መሬት ላይ ወርዳ አጠገቧ ተቀመጠች። ማጽናናት አልሞከረችም። ያን ማክሰኞ ሳትናገረው የቀረችውን ትምህርት አሁን በእርጋታ ተናገረችው፤ መስኩ እንዴት እንደሚቆም፣ ሲቆረጥ እንዴት እንደሚፈርስ፣ ያ ጉልበት አንዴ ከወጣ በኋላ በጥቅልሉ ውስጥ ምንም እንደማይቀር። "አንቺን መርጦ አይደለም የለቀቀሽ" አለቻት። "ነገሳንም ለቋል። አባትሽንም አሁን ለቀቃቸው። ሁሉንም ነው የሚለቀው፤ ሌላ ማድረግ አይችልም።"

ጥሩብርሃን ጥቂት አሰበችና፣ "አንቺ ያዢና እኔ ልቁረጠው" አለች። መምህሯን አንቱ ማለቱን ረስታዋለች።

አባቷ አልከለከሏትም። ፌበን ሁለቱን ሽቦዎች ያዘች። ልጅቷ ከድንጋዩ ጋር የሚገናኘውን፣ ፕላስቲክ የለበሰውን ሽቦ በግራ እጇ አንስታ አገናኘች፤ ትንሽ አቆየችና ነጠለች። የፌበን ትከሻ ተወረወረ።

"ለቀቀሽ?"

"ለቀቀኝ።"

እንደገና አደረገችው። "ለቀቀሽ?" ለቀቀኝ። ድንጋዮቹን ረዘም ላለ ጊዜ አገናኝታ ሞከረችው፤ ከተወሰነ በላይ እንደማያጠራቅም፣ ብታቆየውም ንዝረቱ እንደማይብስ ራሷ ደረሰችበት። ደግማ ደጋግማ አደረገችው። የፌበን ክንድ እስከ ክርኑ ደነዘዘ፤ ይብቃ አላለችም። አንድ ጊዜ ሽቦው ከግራ እጇ አምልጦ ሲወድቅ ጥሩብርሃን ልትይዘው ቸኮለች፤ ነጠላው ውስጥ ያለው እጅ ከጭኗ ላይ ትንሽ ተነሳ። አልደረሰበትም፣ ተመልሶ ወደቀ። ልጅቷ አላየችውም። እናቷ ግን አዩት፤ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ሚካኤልን በለሆሳስ ጠሩ።

ፌበን ስትሄድ አቶ ሀብተወልድ እስከ ኮብልስቶኑ ሸኟት። ጉም ከላይ እየወረደ ባሕር ዛፉን ሸፍኖታል። መለያያው ላይ ሲደርሱ ቆሙና፣ ለቅሶ የመጣ ሰው ሁሉ አልተሰቃየም እያለ እንዳጽናናቸው፣ አንድ ሰው እንኳ አላውቅም ብሏቸው እንደማያውቅ ነገሯት።

"ልዋሽዎት ነበር" አለች ፌበን።

"አይቼሻለሁ።" ወደ ላይ፣ ወደ ቤታቸው አዩና፣ "ብትዋሺኝ ይሻል እንደሁ እኔም አላውቅ፣ ልጄ" አሏት። እጇን ጨብጠው ወደ ላይ ተመለሱ።

የጥሩብርሃን እጅ ባንድ ቀን አልዳነም። መጀመሪያ አውራ ጣቱ ተንቀሳቀሰ ተባለ። ሐኪሙ ኳስ እንድትጨብጥ አዘዛት፤ እናቷ ጸበሉን አላቋረጡም፤ ፌበን ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ እየወጣች ያመለጣትን ትምህርት አስጠናቻት። ማን እንዳዳናት በዚያ ቤት ክርክር አልተነሳም። ወይዘሮ ብዙነሽ የሚያውቁትን ያውቃሉ፤ ፌበንም ከእሳቸው ጋር ሙግት ውስጥ አልገባችም። ጥሩብርሃን ወደ ክፍል ስትመለስ ጽሕፈቷ እንደ ጀማሪ ልጅ ተንጋዶ ነበር፤ እየዋለ እያደረ ቀና። ወይዘሮ ሒሩት የፌበንን ማብራሪያ አንብበው መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት፤ የሽቦውን ክልከላ ግን አልሻሩም። የነአቶ ሀብተወልድ ቆጣሪም እስከ ዛሬ አልተቀጠለም።

ተፈታኞቹ ብሔራዊ ፈተናው ወደሚሰጥበት ዩኒቨርሲቲ በሚጓዙበት ማለዳ የትምህርት ቤቱ ግቢ በወላጅና በሻንጣ ተጨናነቀ። ፌበን መምጣት አልነበረባትም፤ ከአውቶቡስ አውቶቡስ ስትዘዋወር ኤልቃና አይቷት፣ አንቺ ነሽ እንዴ ተፈታኟ ብሎ ሳቀባት። ጥሩብርሃንን ያገኘቻት ሦስተኛው አውቶቡስ በር ላይ ነው። ነገሳ አንድ ነገር ይነግራታል፤ እሷ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ትስቃለች። ፌበን ልትጠራት እጇን አነሳች። ልጅቷ ሳታያት እየሳቀች አውቶቡሱ ላይ ወጣች፤ በሩም ተዘጋ።

አውቶቡሶቹ አንድ በአንድ ከግቢው ወጡ። ወላጆቹ ተበተኑ። ፌበን ትንሽ ቆመች፣ ከዚያ ወደ ታክሲ መያዣው አመራች። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ መጠበቅ አልቻለችምና በእግሯ ወደ መገናኛ ጉዞ ጀመረች።